ቀዳዳው ይስፋ ወይስ ጣሪያው ይልበስ?

ወረታ ላይ ስለ ሙቀት ሲወራ ሰው ቶሎ መተማንና ሁመራን ያነሳል፤ «ሙቀትስ እዚያ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ በበጋም ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ራቁቱን በተመታ ቆርቆሮ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ከመተማ አታንስም። ክፍሏ ውስጥ ያለው ሰው ከሆነ ወጥቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። መድኃኒት ግን ካስቀመጡት መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሁሉንም ይቀበላል።

ከዚህ በታች የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ መድኃኒት ቤት የከፈተች ፋርማሲስት፣ ሌላው በመተማና በድሬዳዋ ለዓመታት የፍሪጅና የኤሲ ጥገና የሠሩ ባለሙያ። ሲነጋገሩ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፤ ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በስም አልጠራቸውም።

ፋርማሲስቷ፦ ይግቡ ጋሼ። ግድግዳ መቁረጫውን ይዘው መጡልኝ?

ባለሙያው፦ ይዣለሁ ልጄ። መጀመሪያ ግን የሚቆረጠውን ልየው።

ፋርማሲስቷ፦ ይኸውልዎት። ይኼን ኤሲ ቤቱን ስከራይ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ነው ያገኘሁት። የማቀዝቀዝ አቅሙ 9,000 ቢቲዩ እንደሆነ ተጽፎበታል። ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከ31 አይወርድም። ባሕር ዳር ላይ ባለ 24,000 አይቻለሁ። ሰውነቱ ሰፊ ስለሆነ በዚህ ቀዳዳ አይገባም። ስለዚህ ይስፋልኝ።

ባለሙያው፦ ለምን 24,000?

ፋርማሲስቷ፦ ዘጠኙ ካቃተው ወደ እጥፉ ልሂድ ብዬ ነዋ። እንዲያውም ከእጥፉም አለፍ ይበል፣ ለእርግጠኝነቱ።

ባለሙያው፦ ግድግዳ መቁረጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ግን ብሎኬቱ አይመለስም። ከላዩ ያለው ሊንቴል ለዚህች ቀዳዳ የተለካ ነው፤ ስናሰፋ ሌላ ረዘም ያለ ሊንቴል መሞላት አለበት። ያየሽው ማሽንስ የመስኮት ነው ወይስ የግድግዳ?

ፋርማሲስቷ፦ ልዩነት አለው እንዴ? ሁለቱም አንድ ሣጥን ናቸው።

ባለሙያው፦ አለው እንጂ። የመስኮቱ በጎንና በጎኑ፣ አንዳንዱም በአናቱ መተንፈሻ አለው፤ ከውጭ አየር የሚስበው በዚያ ነው። 20 ሳንቲ ብሎኬት ውስጥ ስትቀብሪው መተንፈሻው ግድግዳ ይነካና ይታፈናል። የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ይሠራል። የግድግዳው ግን ስቦም ተፍቶም በጀርባው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይኼን ሳይለይ ይገዛና «ቻይና ነው፣ አይረባም» ይላል።

ፋርማሲስቷ፦ የመስኮት ይመስለኛል። እህቴም ከአሜሪካ በነፃ ልላክልሽ ብላኝ ነበር።

ባለሙያው፦ እሱን ተይው። እዚያ ያለው የመስኮት ኤሲ አብዛኛው 115 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። እኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነን። ቮልቱን በትራንስፎርመር ታወርጃለሽ፤ ሄርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። ሞተሩ ከተሠራበት ፍጥነት በታች እየዞረ ይግላል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኼ ቅዝቃዜ ለአንቺ ነው ወይስ ለመድኃኒቱ?

ፋርማሲስቷ፦ ለመድኃኒቱ ነው ጋሼ! እኔስ ቬንትሌተር ይበቃኛል። ኢንሱሊኑና ኦክሲቶሲኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መደርደሪያው ላይ ያለው ነው። እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የወባ መድኃኒት ነው፤ ኮአርተሙ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ አታስቀምጡ ይላል። ከ25 በታች የሚሉም ብዙ ናቸው። ለሕፃናት በፊንጢጣ የሚሰጠው የትኩሳት መድኃኒት ሰውነት ውስጥ እንዲቀልጥ የተሠራ ነው፤ መጋቢት ላይ ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ቅርጹን ለቆ አገኘሁት። እናትየው ከፍታ አሳየችኝ። ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ አይጠይቁኝ። ደግሞ ይኼን ያሽትቱ።

(ከታችኛው መደርደሪያ አንድ የአስፕሪን ብልቃጥ አውርዳ ከፈተችው። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ እንኳ ሽታው ደረሰኝ፤ ኮምጣጤ ነው። ክኒኖቹ ጠርዛቸው ላይ ስኳር የመሰለ ስስ ነገር አብቅለዋል።)

ባለሙያው፦ ኮምጣጤ።

ፋርማሲስቷ፦ አዎ። አስፕሪን ሲፈርስ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ የኮምጣጤው አሲድ ራሱ ነው። ይኼን ለበሽተኛ አልሰጥም። እንዳይሸጥ ለይቼ ያስቀመጥኩት ነው።

ባለሙያው፦ መቼ አገኘሽው?

ፋርማሲስቷ፦ ነሐሴ ላይ።

ባለሙያው፦ ነሐሴ! ያኔ ቴርሞሜትሩ ስንት ይል ነበር?

ፋርማሲስቷ፦ እመዘግባለሁ፤ ይኸው ደብተሩ። 23፣ 24፣ 23… አዎ፣ 24 ያለፈበት ቀን የለም።

ባለሙያው፦ አየሽ ልጄ፣ አስፕሪኑን ያፈረሰው እርጥበት ነው፤ ሙቀትማ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶ፣ የልብስ ሳጥን እንኳ ይሻግታል። አንቺ ሁለት ጠላት አለብሽ፤ የምትገዥው ግን ለአንዱ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ 24,000ው ያባብስብሻል።

ፋርማሲስቷ፦ ይኼንማ አልቀበልም። ኤሲ አየር ያደርቃል ብለው ነው ያስተማሩን። ትልቁ ደግሞ የበለጠ ያደርቃል።

ባለሙያው፦ ሥራ ላይ ሲቆይ ነው የሚያደርቀው። ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጆግ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪ ላብ ያልበዋል አይደል? ከአየሩ የወጣ ውሃ ነው። ኤሲም እንዲሁ ነው፤ የውስጠኛው ኮይል ይቀዘቅዛል፣ የክፍሉ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል፣ በጀርባ ይወጣል። ይኼ ጊዜ ይፈልጋል። ጤዛው ተጠራቅሞ እስኪወርድ ማሽኑ ሳይቆም መሥራት አለበት። ይቺ ክፍል 4 በ5 ሜትር ናት። ክረምት ላይ 24,000 ስትከፍችባት በአምስት ደቂቃ አየሯን ያበርድና ያጠፋል። ኮይሉ ላይ የተያዘው ውሃ ገና አልወረደም። ቬንትሌተሩ ግን ይዞራል፤ ጤዛውን መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይተፋዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይነሳል፣ ያበርዳል፣ ያጠፋል። ቴርሞሜትርሽ 23 ይላል፣ አየሩ ግን እርጥብ ነው። ኮምፕሬሰሩም በመነሳትና በመጥፋት ያልቃል።

ፋርማሲስቷ፦ እንዲህ ከሆነ በነሐሴ የኔ ትንሹ ለምን አላደረቀውም?

ባለሙያው፦ ነሐሴ ላይ ትከፍችው ነበር?

ፋርማሲስቷ፦ …አልከፍተውም። አልሞቀኝም ነበርና።

ባለሙያው፦ ይኸው ነው። ይኼን ማሽን መጀመሪያ የፈለሰፈው ሰው ሙቀት የሸሸ እንዳይመስልሽ። ዊሊስ ካሪየር ይባላል፣ አሜሪካዊ መሐንዲስ። በ1902 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን የሚገኝ ማተሚያ ቤት ተቸግሮ ነው የነደፈው። ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሲታተም አይገጥምላቸውም ነበር። ለወረቀት ሲባል አየሩን የሚያደርቅ ማሽን ተሠራ። ሰው በኋላ ነው የተመቸው። አንቺም ወረቀት ጠባቂ ነሽ በይው፤ ክኒን ጠባቂ።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ፣ የክረምቱን ተቀበልኩ። መጋቢትስ? ማሽኑ ሙሉ ቀን እየሠራ 31 ዲግሪ ነው የነበረው። ይኼ ማነሱን አያሳይም?

ባለሙያው፦ ማነሱን ወይም መታመሙን። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ግድግዳ አልቆርጥም። ነይ፣ እንየው።

(አንድ ቴርሞሜትር የማሽኑ መሳቢያ ላይ፣ ሌላውን ነፋሱ የሚወጣበት ላይ ያዙ። የሚገባው 31፣ የሚወጣው 27። አራት ዲግሪ ብቻ። ጤነኛ ማሽን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ማውረድ እንዳለበት ነገሩን። ከዚያ የፊቱን ክዳን አንስተው ብሎኖቹን ፈቱና ሣጥኑን ከግድግዳው ማቀፊያ ወደ ውስጥ ሳቡት። ሁለት ሰው አግዟቸው ጠረጴዛ ላይ አዞሩት። የኮንደንሰሩ ጀርባ አይታይም። ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ወርቃማ ቢጫ ነገር እንደ ስጋጃ ተጋግሯል። ባለሙያው በጥፍራቸው ሲጭሩት እንደ ቂጣ ተላጠ፤ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩን። የሩዝ ብናኝ ነው።)

ፋርማሲስቷ፦ ከጓሮ ካለው መፈልፈያ!

ባለሙያው፦ ከዚያ ነው። ወረታ ላይ ከኅዳር ጀምሮ የሩዝ መፈልፈያ አጠገብ ያለ ኤሲ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው። ማሽኑ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀት ከውስጥ አንስቶ ውጭ ይጥላል። የሚጥልበት በር ይኼ ጀርባው ነው። በሩ ሲዘጋ የተሸከመውን ይዞ ይቆማል፣ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ቆጣሪሽ ይቆጥራል፣ አንቺ ይሞቅሻል። በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያ በውሃ እናጸዳዋለን፤ ውሃው ቀስ ብሎ፣ ክንፉን ሳያጣምም። ኤሌክትሪኩን ክፍል በላስቲክ እንሸፍናለን።

(ሰዓት ተኩል ፈጀ። ባልዲው ውስጥ የወረደው ውሃ አጥሚት ይመስል ነበር። ሲደርቅ መልሰው ከተቱት፤ ጀርባው ትንሽ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ከሥሩ ስስ እንጨት አስገቡ፣ ውሃው ወደ ክፍሉ እንዳይንጠባጠብ። ሲከፈት የሚገባው 31፣ የሚወጣው 21 ሆነ።)

ፋርማሲስቷ፦ አስር ዲግሪ! በዚህ ማሽን ላይ ስንት ጊዜ አማርሬ ነበር!

ባለሙያው፦ ጋዙም አልጎደለም ማለት ነው። ግን አትቸኩዪ፣ አልጨረስንም። ይኼ 9,000 እዚህ ከፍታ ላይ ሙሉ 9,000 አይደለም። ቁጥሩ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። እዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቬንትሌተሩ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፣ የሚገፋው አየር ግን ክብደቱ ያንሳል። ትንሽ ይቀንስበታል።

ፋርማሲስቷ፦ ይኸውልዎ! ትልቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ባለሙያው፦ ትንሽ ከፍ ያለ ያስፈልግ ይሆናል፤ 12,000። ከዚያ በፊት ግን መብራትሽን ልለካ።

(ቴስተራቸውን ሶኬቱ ላይ ሰኩ። 214 ቮልት። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮ የመፈልፈያው ሞተር ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ቁጥሩ 183 ላይ ወርዶ ቀስ ብሎ 196 ላይ ቆመ።)

ፋርማሲስቷ፦ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ የለ? ይኼ መቼ ነው የሚቀረው?

ባለሙያው፦ ግድቡ ኃይል ያመነጫል፤ ያን ኃይል አንቺ ጋ የሚያደርሰው ግን ይኼ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመርና ይኼ ቀጭን ሽቦ ነው። ምንጩ ቢሞላ ቧንቧው ካልሰፋ እንስራሽ አይሞላም። መፈልፈያውና አንቺ አንድ መስመር ላይ ናችሁ። የድሮው ዓይነት 24,000 ሲሠራ 10 እና ከዚያ በላይ አምፔር ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት የዚያን አራት አምስት እጥፍ። ቮልቱ ሲወርድ ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ይስባል፣ ዋይንዲንጉ ይቃጠላል። ይኼ ሶኬት የተዘረጋው በባለ 1.5 ገመድ ነው፤ ለአምፖል እንጂ ለእንዲህ ያለ ማሽን አይሆንም። ያንን ማሽን ብትሰኪበት የመጀመሪያው የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ነው። መድኃኒት ቤት ስፒሪት እንዳለበት አንቺ ታውቂያለሽ።

ፋርማሲስቷ፦ ስታቢላይዘር ብጨምርስ?

ባለሙያው፦ ለትንሹ ይጠቅማል፣ ጨምሪ። ለትልቁ ግን የማስነሻውን የሚችል ስታቢላይዘር ዋጋው ሌላ ማሽን ነው። እሱም ቢሆን ኃይል አይፈጥርም፤ ቮልቱን ለማንሳት ከመስመሩ ላይ የበለጠ ይስባል። ደግሞ አንድ ነገር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?

ፋርማሲስቷ፦ ወዲያው እከፍታለሁ፤ ክፍሉ እንዳይሞቅ።

ባለሙያው፦ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ጋዙ በአንድ በኩል ታምቆ እያለ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ መዞር አቅቶት ይጎዳል። ቁልፉንም 16 ላይ አታድርጊው። 16 ስላልሽው ቶሎ አያበርድም፤ ያው ፍጥነቱ ነው፤ የሚለየው የማይቆምበት መሆኑ ብቻ ነው። 24 ላይ ተይው። አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መሰላል አለሽ?

(ጊዜው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ባለሙያው መሰላል ላይ ወጥተው መዳፋቸውን ኮርኒሱ ላይ ለጠፉ፤ እኔም ተከትዬ ሞከርኩት። ቺፕውዱ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይግላል። አንዷን ቁራጭ ሲያነሷት ከላይ የወረደው አየር እንደ ምድጃ አፍ ፊት ይመታል። ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮው ብቻ ነው፤ ከሁለቱ መካከል ምንም የለም።)

ባለሙያው፦ ጠላትሽ ይኸውልሽ። ክፍሏ 20 ካሬ ሜትር ናት። እኩለ ቀን ላይ ጠራ ባለ ሰማይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ይጠጋል። ቆርቆሮሽ ላይ 20 ኪሎ ዋት ወረደ ማለት ነው። የጓጓሽለት 24,000 ቢቲዩ ስንት ነው? 7 ኪሎ ዋት። የወረደው ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ግማሹ ይንጸባረቃል፣ ነፋስም ይወስደዋል። የሚገባው ግን አንቺ፣ ፍሪጅሽና ደንበኞችሽ ከምታወጡት ይበልጣል። አንድ ሰው ቆሞ 100 ዋት ገደማ ያሞቃል፤ ፍሪጅሽም የሚበላው መብራት ሁሉ ዞሮ ሙቀት ሆኖ እዚሁ ክፍል ነው የሚወድቀው። ይኼ ሁሉ ተደምሮ ጣሪያውን አይደርስበትም።

ፋርማሲስቷ፦ የአያቴ ቤት ሣር ክዳን ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ስንገባ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጭስና እርጎ ይሸታል፣ ግን ቀዝቃዛ።

ባለሙያው፦ ሣሩ ውፍረቱ አንድ ክንድ ነው፤ በውስጡ የታሰረ አየር አለ። ጭቃው ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት እስኪያሳልፍ ይመሻል። ቆርቆሮ ዝናብ ይመልሳል፣ አይበሰብስም፣ እሳት አይፈራም፤ ስለዚህ ተቀበልነው፣ ደግም አደረግን። ግን ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሁለተኛ ሥራ ማን ይሥራው ብለን አልጠየቅንም። መልሱ እዚሁ ጓሮ ተከምሯል።

ፋርማሲስቷ፦ ምኑ?

ባለሙያው፦ የሩዝ ቅርፊት። ሩዝ ሲፈለፈል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቅርፊት ይወጣል። ፎገራ ላይ ከደርግ ዘመን ጀምሮ፣ ሩዝ ከተዘራ ወዲህ፣ የአገሩ ሰው ምግቡንም ገንዘቡንም ከሩዝ ያገኛል። ከተማችን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለባት። ቅርፊቱን ግን ከመንገድ ዳር ከምረን እናቃጥለዋለን። ቅርፊቱ ባዶ ነው፣ አየር ያዘለ፤ ሙቀት አያሳልፍም። አሸዋ የሚሠራበት ሲሊካ የሞላበት ስለሆነ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ነበልባልም ቶሎ አይዝም። አንድ ስንዝር ያህል ኮርኒሱ ላይ ብታነጥፊው ሣር ክዳን መልሰሽ አገኘሽ።

ፋርማሲስቷ፦ አይጥስ? መድኃኒት ቤት ውስጥ አይጥ!

ባለሙያው፦ ጥሩ ጠየቅሽ። አይጥ የሚመጣው ከቅርፊቱ ጋር ለቀረው ስባሪ ሩዝ ነው። ስለዚህ ይነፋል፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል፣ ጥቅጥቅ ባለ ማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ይሰፋል፤ እንደ ፍራሽ ጎን ለጎን ይደረደራል። ኮርኒሱ ላይ በልቅ አይፈስስም። ሌላ የማስጠነቅቅሽ ደግሞ አለ፤ ነበልባል ባይዝም ፍም ከነካው ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ከላይ የሚያልፈው የመብራት ሽቦ ሁሉ ቱቦ ውስጥ ይግባ፣ ማያያዣዎቹ ከከረጢቱ ይራቁ። ቆርቆሮው የሚያፈስበት ካለ ቀድሞ ይደፈን፤ የረጠበ ቅርፊት ጥቅም የለውም። ይኼን ሁሉ ማድረግ ካልተቻለ ፎም ግዢና አድርጊ፤ ይወደዳል እንጂ ያው ሥራ ነው። ቆርቆሮውንም በላዩ ነጭ ቀለም ቀቢው።

ፋርማሲስቷ፦ ግን በሬ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው ጋሼ። ዘግቼ ብቀመጥ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ታማሚ ይመለስብኛል።

ባለሙያው፦ እሱን ነው ልልሽ የነበረው። አሁን የምታቀዘቅዥው ወረታን ነው። ደንበኛ የሚቆምበትን ተይው፣ ቬንትሌተር ይበቃዋል። ከኋላ 3 በ2 ተኩል የሚሆን ቦታ ለይተሽ፣ ኤሲው ባለበት ግድግዳ በኩል፣ በመስታወት ወይም በቺፕውድ ክፈይው። በር ይኑረው፣ ራሱ የሚዘጋ። ዕቃው እዚያ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት የዕለቱን ብቻ ታወጫለሽ። ሰባት ካሬ ተኩል ቦታ፣ ከላዩ ከረጢት የለበሰ፣ በሩ የተዘጋ። ለዚህ 9,000 ይተርፈዋል እንጂ አያንሰውም።

ፋርማሲስቷ፦ አንድ ነገር ግን ይቅር ይበሉኝ፤ ይኼ ማሽን አርጅቷል። ሚያዝያ ላይ ቢቆም እርስዎ ጎንደር ሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስት ቀን ብቆይ መድኃኒቱ አይጠብቀኝም። ትልቅ ለመግዛት የፈለግኩት ለዚህም ነው።

ባለሙያው፦ ይኼ ትክክል ነው። ጋዙም አር 22 ነው። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደኛ ላሉ አገሮች በ2030 እ.ኤ.አ. ለጥገና ከሚተው ጥቂት በቀር ማስገባቱ ያበቃል። ከወዲሁ እየጠፋ፣ እየተወደደ ነው። አንድ ቀን ቢያፈስ የምሞላልሽ ላጣ እችላለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ታዲያ አንዱን ትልቅ ከምገዛ ሌላ ትንሽ ጨምሬ ሁለት ባደርግስ? አንዱ ቢቆም አንዱ ይኖራል።

ባለሙያው፦ (ትንሽ ዝም ብለው) እኔ ልነግርሽ ያሰብኩት አሮጌውን ነቅለሽ 12,000 እንድታስገቢ ነበር። ያንቺ ይሻላል። ባለ 9,000 ኢንቨርተር ስፕሊት ግዢ። ኢንቨርተሩ ሲነሳ አይዘልም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ለዚህ ለተጎዳ መስመር ይስማማል። እንደ ሙቀቱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ሳይቆም ስለሚሠራ ክረምት ላይ ያደርቅልሻል። ስፕሊት አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ የሚሰቀል ሁለት ሣጥን ስለሆነ ግድግዳ ውስጥ የሚፈልገው ለቱቦው የምትሆን የቡጢ ያህል ቀዳዳ ነው። አሮጌው ባለበት ይቀመጥ፣ ተጠባባቂ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ ጀርባውን በብሩሽ፤ ከኅዳር እስከ ጥር መፈልፈያው ሲበዛ በየሁለት ሳምንቱ። የእርጥበት መለኪያም ግዢ፤ ከቴርሞሜትሩ ጎን ስቀይውና በዚያው ደብተር መዝግቢ። ከ60 በመቶ ካለፈ፣ ባይሞቅሽም ቁልፉን ከክፍሉ ሙቀት ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው። ነሐሴ ላይም።

ፋርማሲስቷ፦ ገመዱስ?

ባለሙያው፦ ከቆጣሪው ለብቻው ባለ 2.5 ይሳባል፤ የራሱ ብሬከር ይኖረዋል፣ መሬትም ይያዝለታል። ያንን እኔ እሠራለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይዛባብሽ፤ ጣሪያው፣ ክፍልፋዩ፣ ገመዱ፣ ከዚያ ማሽኑ። ገንዘብሽ በመሃል ቢያልቅ እንኳ የመጨረሻው ይቅር እንጂ የመጀመሪያው አይቅር።

ፋርማሲስቷ፦ የግድግዳ መቁረጫውን በከንቱ አሸከምኩዎት።

ባለሙያው፦ ምን ክፋት አለው። አናጺ ታውቂያለሽ?

ፋርማሲስቷ፦ የአክስቴ ልጅ አለ። ማክሰኞ ይመጣል።

ስንወጣ 11 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። መፈልፈያው ቆሟል። ሣጥኑ ከታጠበ ወዲህ ማሽኑ አልቆመም፤ ቴርሞሜትሩ 27 ይላል፣ ስንጀምር ከነበረበት በአራት ዝቅ ብሎ። በሩ አሁንም ክፍት ነው፣ ኮርኒሱ አሁንም ይግላል። ግድግዳው አልተነካም።